አይዞሽ ያልኩበት ዳገት

ስለ ራሱ ስህተት የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ራሱን ከስህተቱ የተሻለ አድርጎ ማቅረብ ነው። እኔም ይህን ታሪክ ለሰው ስነግር ብዙ ጊዜ አሳምሬዋለሁ። እዚህ ግን እንደነበረ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ከዳንፎርዝ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ትንሽ ጥገና ቤት በያጅ ነበርኩ። ቤቱ ብስክሌትና ተሽከርካሪ ወንበር ይጠግናል። ብየዳውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርት ቤት የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያወቅኩትን ሁሉ ያወቅኩት ቁጭ ብዬ በማንበብ ነው። ካናዳ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ስለ አሉሚኒየም ብየዳ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ፣ በረዶው እስኪቀልጥ አነበብኩት። አሉሚኒየም እንደ ብረት አይደለም። ብረት ሲግል ይቀላል፤ ያስጠነቅቅሃል። አሉሚኒየም መልኩን ሳይለውጥ ቆይቶ ድንገት ይፈሳል። ችኩል ሰው አይበይደውም። ልጆቼንም እንዲህ እያልኩ እመክር ነበር፦ መመሪያውን ሳታነቡ ዕቃ አትንኩ፤ ያላወቃችሁትን አውቃለሁ አትበሉ፤ ከሁሉም በላይ አትዋሹ። ይህን የሚሰሙት እራት ላይ ነበር፤ በየቀኑ ማለት ይቻላል።

አንድ የጸደይ ቀን አንዲት ጃፓናዊት ተሽከርካሪ ወንበሯን እያሽከረከረች ወደ ጥገና ቤቱ ገባች። ሠላሳዎቹን አጋምሳለች። ትከሻዋ ከሰውነቷ ጋር አይመጣጠንም፤ የጉልበት ሥራ የሚሠራ ወንድ ትከሻ ነው። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር። ቃሏን ወደ አማርኛ ስመልስ «እርስዎ» እያልኩ የምጽፈው፣ እንግሊዝኛው ባይለይም እሷ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ስለምትናገር ነው።

«እነዚህን ይቁረጡልኝ» አለችኝ፣ ከወንበሯ ጀርባ ያሉትን ሁለት መግፊያ እጀታዎች በአውራ ጣቷ እያሳየችኝ።

«ተበላሹ?»

«አልተበላሹም። ሰው ይይዛቸዋል።»

«የተሠሩት እኮ ሰው እንዲይዛቸው ነው።»

«አዎ» አለች። «ስለዚህ ይቁረጡልኝ።»

በረዶ ሲይዝሽ ምን ታደርጊያለሽ አልኳት። እጠብቃለሁ ወይም እታገላለሁ አለች። ትንሽ መከርኳት፤ ሰው ሰውን መርዳቱ ነውር እንዳልሆነ ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ስጨርስ መጋዙ የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ቆረጥኩላት፤ ጫፉን ሞረድኩት፤ በጎማ ክዳን ደፈንኩት።

ማታ እቤት ለልጄ ነገርኳት። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። «ኩራተኛ ሴት ናት» አልኩ።

«አባዬ፣ አንተ ባስ ስትጠብቅ አንድ ሰው ከኋላ መጥቶ አንስቶ ቢያስገባህ ደስ ይልሃል?»

«እኔ እግር አለኝ።»

«እሷም እጅ አላት» አለችና ወደ ክፍሏ ገባች። ልጄን አፏ የማይቀድማት ጊዜ አልነበረም፤ በማን እንደወጣች እናቷ ታውቃለች።

ሴትየዋ የምትኖረው ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር፣ እኛ በምንኖርበት ሕንፃ፣ ከእኛ አራት ፎቅ ዝቅ ብላ መሆኑን ያወቅነው ከሳምንት በኋላ አሳንሰር ውስጥ ነው። ከልጄ ጋር እዚያው ተግባቡ። ሯጭ መሆኗንም ያኔ ሰማሁ። መሮጫ ወንበሯን አምጥታ አሳየችኝ፦ ሦስት ጎማ ያለው፣ ፊቱ እንደ ጀልባ የረዘመ የአሉሚኒየም ነገር። ውስጡ ተንበርክካ ትገባና በወፍራም ጓንት ከጎማው ጎን ያለውን ቀለበት እየመታች ትነዳዋለች። ብየዳውን ገልብጬ አየሁት። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ግን በሁለት ቦታ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ጀምሮታል። ሳትጠይቀኝ ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ በእኔ እጅ ሆነ።

እየበየድኩ ታሪኳን ትነግረኝ ነበር፤ ረጅም አታወራም። በሃያ ዓመቷ ከሞተር ሳይክል ወድቃ ከወገቧ በታች ሽባ ሆነች። ሆስፒታል ውስጥ ቅርጫት ኳስ አስጀመሯት፤ ኳስ እስኪያቀብሏት መጠበቅ ሰለቻትና ተወችው። የመጀመሪያው የጎዳና ውድድሯ ላይ የመጨረሻዋ ሆነች። ተመልካቹ ሄዶ አልቋል፤ የመድረሻውን ምሰሶ የሚነቅል ሠራተኛ ብቻ ቀርቷል። ሰውየው የነቀለውን ምሰሶ መልሶ ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ እስክታልፍ ቆመላት። ከዚያ በኋላ በአገሯ ብዙ ጊዜ አሸነፈች። አንድ ጊዜ ለፓራሊምፒክ ሄዳ ማጣሪያው ላይ ከሌላ ወንበር ጋር ተጋጭታ ወደቀች። ትከሻዋ ተጎዳ፤ ከቡድኑ ወጣች። ስትሠራበት የነበረው ድርጅት ቶሮንቶ ቅርንጫፍ ሲልካት፣ ሁሉም ሰው ሩጫው አበቃ ብሎ ነበር። እሷ ግን አላበቃም አለች። በቀጣዩ በጋ ሌላ ፓራሊምፒክ አለ። ለመሄድ ርቀቱ በይፋ በተለካ መንገድ ላይ ማራቶን ገብታ፣ የአገሯ ፌዴሬሽን ከወሰነው ሰዓት በታች መጨረስ አለባት። ከዚያ በኋላ ያለው ሲመጣ አርባ ይጠጋታል።

«ይህ የመጨረሻዬ ነው» አለችኝ። ሳታዝን፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው።

ልምምዷ ከሕንፃዎቹ በታች ወንዙን ተከትሎ በሚሄደው አስፋልት ላይ ነበር። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ እኔ በበየድኩላት ሮለር ላይ፤ ወንበሩ ባለበት ቆሞ ጎማው ብቻ የሚዞርበት ተንከባላይ ብረት ነው። ጎማው ሮለሩን ሲያሽከረክር ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። ጎረቤት ከሰሳት፤ ልጄ ደግሞ ጎረቤቱን ሄዳ አነጋገረችው፤ ምን እንዳለችው እስካሁን አልነገረችኝም፤ ክሱ ግን ቆመ። ልጄ የሩጫ ሰዓት መለኪያ ይዛ ትቆምላት ነበር፤ እኔም ከሥራ ስመለስ ገብቼ አያለሁ። እጇ ሲዝል፣ ፊቷ ሲጨማደድ፣ ሳላስበው «አይዞሽ!» እላለሁ።

አንድ ቀን ቆመችና «ይህ ቃል ምንድን ነው?» አለች።

ልጄ በእንግሊዝኛ ሞከረች፦ በርቺ ማለት ነው፤ አይ፣ አትፍሪ፤ አይ፣ አትዘኚ። «አባዬ፣ ምን ማለት ነው ራሱ?»

«ለወደቀም፣ ለሚያለቅስም፣ ለሚሠራም የሚባል ነው» አልኩ። «እኔ እዚህ አለሁ ማለት ነው።»

ሴትየዋ ትንሽ አሰበች። እነሱም ዘንድ እንዲህ ያለ ቃል እንዳለ ነገረችን፤ «ጋምባቴ» ይባላል። ለሚሮጥ፣ ለሚፈተን፣ ሥራ ለሚጀምር ሰው ይባላል። ባለህ ሁሉ ታገል ማለት ነው።

«ያው ነው» አልኩ።

ያው አልነበረም። የእነሱ ቃል ሥራውን ለባለቤቱ ይተዋል። የእኛ ቃል እጅ ይዞ ነው የሚመጣው። አይዞሽ ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቆም ሰው እኛ ዘንድ የሚያፌዝ ነው። ይህን ልዩነት ያን ቀን ባስበው ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

ሰዓቷን የምታስመዘግብበት ማራቶን በመከር ወቅት፣ በከተማው መሃል ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት የውድድሩን ደንብ የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ሰጠችን። ልጄ አነበበችው። እኔ ጠረጴዛ ላይ አየሁት፤ አልገለጥኩትም። ሳጥን ሳልከፍት መመሪያ የማነብ ሰው፣ ይህን ሳላነብ የቀረሁት ሰው መርዳትን ከመጽሐፍ መማር የለብኝም ብዬ ስለማምን ነው። ይህን ስንፍና አልለውም። ትዕቢት ነው።

ከመድረሻው ትንሽ ቀደም ብሎ መንገዱ ከባቡር ሐዲዱ ድልድይ ሥር ይወርድና በሌላው በኩል ይወጣል። ዳገቱ አጭር ነው፤ ክንድ ከዛለ በኋላ ግን ከባድ ነው። «መምጣት ከፈለጉ እዚያ ይቁሙ» ብላኝ ነበር። «እዚያ ሰው አይቆምም። ያን ቃልዎን ይበሉልኝ።»

በማለዳው ዝናብ ነበር። ከልጄ ጋር በምድር ውስጥ ባቡር ሄደን ድልድዩ ሥር ቆምን። ከእኛ ሌላ አንድ ፖሊስ ብቻ ነበር፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶ መኪና ያስቆማል። ወንዶቹ ሯጮች ወንበራቸው እያፏጨ አለፉ። ቀጥሎ እሷ መጣች። ቁልቁለቱን እንደ ድንጋይ ወረደችው። ዳገቱ ላይ ግን ቀለበቱ ረጥቦ ጓንቷ መንሸራተት ጀመረ። አንድ መታች፤ ሁለት መታች፤ ሦስተኛው ሳተ። ወንበሩ ቆመ። ከዚያ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ተመለሰ።

«አይዞሽ!» አልኩ፤ ቃሉ ሳያልቅ መንገዱ ውስጥ ነበርኩ። ሁለት እጄን ከወንበሩ ጀርባ አድርጌ ገፋኋት። አራት እርምጃ። ወንበሩ ጉልበት አገኘ፤ እሷም መታች፤ ዳገቱን ወጥታ ተሰወረች። ዘወር ብላ አላየችኝም።

ደስ ብሎኝ ወደ ልጄ ተመለስኩ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባዬ! ምን አደረግህ?»

«ረዳኋት።»

«አይቻልም እኮ! መንካት አይቻልም! ሰው ከነካት ሰዓቷ ይሰረዛል!»

«ማን አለ?»

«መጽሐፉ ነዋ! ጠረጴዛ ላይ የነበረው!»

ፖሊሱን አየሁት። አሁንም ጀርባውን እንደሰጠ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሷ አልነበረም፤ ማን አይቶኛል ብዬ ነው። ወደ መድረሻው ስንሄድ ልጄ ከእኔ ሁለት እርምጃ ቀድማ ትራመድ ነበር። እኔም በልቤ ነገሩን አሳነስኩት፦ አራት እርምጃ ምንድን ነው? ዳገት ላይ የቆመን ሰው ዝም ብሎ ማየት ይሻላል? እንዲህ ዓይነት ክርክር የሚጀምር ሰው መልሱን አስቀድሞ እንደሚያውቅ ልጆቼን ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

ስንደርስ እሷ የዳኞቹ ድንኳን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ ጥለውላት፣ ከአንድ ሽማግሌ ዳኛ ፊት ነበረች። ሰዓቷ ተጽፏል። ከሚፈለገው ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድማ ገብታለች። ማለት አልፋለች። አንድም ሰው አልከሰሳትም። ዳኛው ፊት የሄደችው ራሷ ነበረች።

«ዳገቱ ላይ ከኋላዬ እጅ ነበረ» ትለዋለች። «ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞረ። እንግሊዝኛዬ የብየዳ እንግሊዝኛ ነው፤ ስደነግጥ ይጠፋኛል። ወደ ልጄ ጠጋ ብዬ በአማርኛ «ማንም አላየም በያት» አልኳት።

«ምን?»

«ማንም አላየም በያት። ዝም ትበል። አልፋለች እኮ!»

ልጄ አየችኝ። ብዙ ጊዜ ተቆጥታ አይታኛለች፤ ያን ቀን ግን ቁጣ አልነበረም፤ እኔ መሆኔን የምታጣራ ነበር የምትመስለው። «አልልም አባዬ» አለች። «ከፈለግህ ራስህ በላት።»

ሽማግሌው ዳኛ ቸር ሰው ነበር። ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እንድሰማው አድርጎ ጠየቀኝ። «ወንበሩ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነበር ብላለች። አደጋ እንዳይደርስ ብለው ያዝ አድርገውት ነው? ወይስ ገፉት?»

ጥያቄው በር ነበር። ያዝ አደረግኩት ብል ለደኅንነት የተደረገ ተብሎ ይታለፋል፤ ይህን ለመረዳት ደንቡን ማንበብ አያስፈልግም። ሴትየዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። አልለመነችኝም፤ አልከለከለችኝም። ልጄ ከጎኔ ቆማለች።

«ገፋኋት» አልኩ። «አራት እርምጃ።»

ሰዎች ይህን ስነግራቸው ያመሰግኑኛል። እኔ ግን እውነቱን የተናገርኩት እውነት ስለምወድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጄ ቆማ ስለነበር ነው። እሷ ባትኖር «ያዝ አደረግኩት» እል ነበር፤ እቤትም ሄጄ እራት ላይ ስለ እውነት እመክር ነበር።

ዳኛው በሰዓቷ ላይ መስመር አሰመረ። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር «አራት እርምጃ ሦስት ሰከንድ ቢቀንስ ነው» አለ። «ብቻዋን ብትሆንም ታልፍ ነበር።»

ይህን ባይለው ይሻለኝ ነበር። ዳገቱ ላይ የቆመችው ደክማ ነው፤ ግን ተሸንፋ አልነበረም። ጓንቷን ደረቷ ላይ ጠርጋ እንደገና ልትመታ ነበር። እኔ ሦስት ሰከንድ አተረፍኩላትና ሁለት ደቂቃዋን አጠፋሁባት።

አጎንብሳ ሰላምታ ሰጠችንና ሄደች። አላለቀሰችም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ ያኔ ይቅርታ ብጠይቅ አይዞህ እንድትለኝ የምፈልግ ይመስለኝ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ በሯ ድረስ ወርጄ፣ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ፈልጌ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። «አዎ» አለች። «አመሰግናለሁ» አለችና በሩን በቀስታ ዘጋች።

በረዶው መጣ። ልጄ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መውረዷን አላቋረጠችም፤ እኔ አልወረድኩም። የሮለሩ ድምፅ በግድግዳው ይሰማኛል። አንድ ቀን «ተቆጥታለች?» ብዬ ልጄን ጠየቅኋት።

«አልተቆጣችም» አለች። ትንሽ ቆይታ «እሺ፣ ተቆጥታለች» አለች።

የካቲት ላይ ሴትየዋ መሮጫ ወንበሯን ይዛ ጥገና ቤት መጣች። ፍሬሙ ከፊተኛው ጎማ በላይ ተሰንጥቋል። አየሁት፤ የእኔ ብየዳ አልነበረም፤ ከዚያ ጎን ያለው ነው። ይህን ማስተዋሌን አልክድም።

«ቂም ይዘሽብኛል?» አልኳት።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ወደ እኔ አመጣሽው?»

«እንደ እርስዎ አሉሚኒየም የሚበይድ ሌላ ሰው አላውቅም» አለች። እንደ መሳቅ አደረጋት። «ሌላ ባገኝ ኖሮ አልመጣም ነበር።»

የዚያን ቀን እንደበየድኩት በይጄ አላውቅም። ስጨርስ ጣቷን በመስመሩ ላይ አሳለፈችና፣ የፓራሊምፒኩ ተወዳዳሪዎች መዝገብ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ውድድር ብቻ እንደቀረ ነገረችኝ። በጸደይ፣ በሐይቁ ዳር፣ ሜዳ መንገድ ነው። ጥቅምት ላይ የነበራት ትከሻ ግን አሁን የለም፤ ብርዱ አሮጌውን ጉዳት ቀስቅሶታል። «ይምጡ» አለችኝ። «ደንቡን አንብበው።»

አነበብኩት። ሃያ ሁለት ገጽ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ያልገባኝን ልጄን ጠየቅኋት፤ እሷም ሳትስቅ አስረዳችኝ። ይህ ውለታ ነው።

በውድድሩ ቀን ከመድረሻው አጥር ውጭ ቆምን። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ናት የሰጠችኝ። ሴትየዋ ከሩቅ ስትታይ ቀኝ ክንዷ ከግራው ዘግይቶ ይመታ ነበር። ሰው ሁሉ ይጮሃል። እኔም ጮህኩ። የሚፈለገው ሰዓት አለፈ፤ እሷ ገና መንገዱ ላይ ነበረች። ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ በኋላ ያለውን የመጨረሻ መንገድ፣ ሰዓቱ እንዳለፈ እያወቀች፣ ፍጥነቷን ሳትቀንስ መጣችው።

ጓንቷን በጥርሷ እየሳበች አወለቀችና ወደ አጥሩ መጣች። «ስንት?» አለችኝ።

ልጄ ማለሳለሻ ቃል ስትፈልግ ታየኛለች። እኔ ሰዓቱን ለሴትየዋ አሳየኋት። «ሃምሳ ሁለት ሰከንድ አለፈሽ» አልኩ።

ሰዓቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ አየችው። «ይህ የእኔ ነው» አለች። ቀጥላም «ጥቅምት ላይ የነበረውም የእኔ ነበር» አለች። ይህን ያለችኝ ልትጎዳኝ ብላ አይደለም፤ ልታጽናናኝ ብላም አይደለም። እንደዚያ ስለነበረ ነው። ሰዓቱን መለሰችልኝ፤ የግራ ጎማው ፍሬሙን እየነካ ስለሆነ ሰኞ እንደምታመጣው ነገረችኝና ልብሷን ልትለውጥ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በአካባቢው ውድድሮች ሮጠች፤ አንዳንዱን አሸነፈች። በኋላ ድርጅቷ ወደ አገሯ መለሳት፤ እዚያ ወጣት ሯጮችን እንደምታሠለጥን ለልጄ ጻፈች። የዚያ ዓመት በጋ ግን ወደ ፓራሊምፒክ ሌሎች ሄዱ። እሷ ከሐይቁ ዳር ውድድር በኋላ በነበረው ሰኞ፣ ከሥራ መልስ፣ እንዳለችው፣ ጎማውን ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች። ጥገና ቤቱ ሊዘጋ ነበር። ጠበቅኳት።